አየር ወጣ ወይ?

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣
ታንኳ ሠሪው አያ ሙህዬ አልጋው ላይ ተኝቶ፣
በግራ ጎኑ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ስቦ፣
ከትናንት ጀምሮ በመድኃኒት ሆዱ ታጥቦ፣
እኔ ደግሞ ዐይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ፣
መብራት ባለው ገመድ አንጀቱን ተከትዬ፣
እጥፉን በእጥፍ እያለፍሁ መታጠፊያው ጋ ስደርስ፣
እንጉዳይ መስሎ የበቀለ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የሚያንስ።

ሽቦውን ሸመቀቅሁ። አጠበቅሁ። እሳት ሰደድሁ።
እንጉዳዩ ወደቀ። «ተመስገን» አልሁ። ወረድሁ።

ከዚያ ቢጫ አየሁ።

ቢጫ እዚያ አይገባም። አንጀት ከውስጥ ሮዝ ነው።
ቢጫ የሞራ ነው፤ የሞራ ቦታው ውጭ ነው።
በምስር ልክ ቀዳዳ አጮልቆ የሚያየኝ
የሰው ጓዳ ነበር። ማን ግቢ አለኝ?

ሲስተር የሻለም ሆዱ ላይ አሳርፋ እጇን
«ከበሮ ሆነ» አለች፣ ዝቅ አድርጋ ድምፅዋን።
አየሩን ዘጋሁት።
መሸሽ አማረኝ። ገመዱን ግን አቆየሁት።
(ያስተማረኝ ሰው ይል ነበር፦ «አንጀት ስትበሺ
ቀድመሽ የምታዪው አንቺ ነሽና እንዳትሸሺ።»)
መርፌ ሰካሁ። ስሪንጋው ውስጥ ውሃው ፈላ፣
አረፋ በአረፋ። ሆዱ ረገበ ከዚያ ኋላ።

«ክሊፕ ስንት ቀረን?»
                    «ሦስት።»
«የታዘዘውስ?»
                    «ደጀን ላይ ነው ይላሉ። ሁለት ወሩ። ሦስት።»

አንደኛው ነከሰ፤ ከንፈር ከከንፈር ገጠመ።
ሁለተኛው ሳተ፤ ደህና ሥጋ ላይ ቆመ።
ሦስተኛውን ስሰድ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
የእጅ መንቀጥቀጥ ኋላ ነው፤ ያኔ ጊዜ አይሰጥም።

ቢጫው ጠፋ።

ራጁ ላይ ከጉበቱ በላይ ጥቁር ጨረቃ ወጣች፣
ቀጭን፣ የሾለከው አየር የሳላት፣ የእኔው ነች።
ዶክተር መልሰው ፊልሙን መስኮቱ ላይ ያዘው፤
«ቢላዋው ዝግጁ ነው፤ ለጊዜው እንጠብቀው።
ትኩሳት ካመጣ፣ ሆዱ እንደ ሳንቃ ከጸና፣
እኩለ ሌሊትም ቢሆን ጥሪኝ» አለና
ሄደ።
ምግብ የለም፤ ውሃም የለም፤ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ አለ፤
ራቱ ጉሉኮስና አንቲባዮቲክ፣ ጠብ ጠብ እያለ።

ልጁ ከድጃ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር።
ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ «ትንሽ አየር» የሚል ነገር።
«ሆድ ይፍጀው» ይላል አገሬ። የትኛው ሆድ ነው
የሚፈጀው? የእርሱ ተበስቷል። የእኔ ነው?
«በሳሁት» አልኋት። «በእጄ። አንጀቱን። ዘግቼዋለሁ፤
መያዙን ግን አላውቅም። ሌሊቱን አብሬው አድራለሁ።»
አልጮኸችም። ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረች።
«ቀላል ነው ብለሽን ነበር» አለች።

ብያለሁ። ከሺህ አንድ ብዬ ፊርማ ወስጃለሁ።
ከሺህ አንዱ ስም እንዳለው አሁን አውቃለሁ።

ነፋስ ከጣና ተነሥቶ ዘንባባውን ሲመታ፣
በየሰዓቱ ሆዱን ዳሰስሁ ያን ማታ።
ለስላሳ ነው? ለስላሳ ነው። አሁንስ? ለስላሳ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን ያዘ፣ ራሱን ሳያነሳ፦
«ታንኳ ሲያፈስ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ?»
«አላውቅም።»
«ምንም። ደንገል ሁሌም ያፈሳል፤ ዳር እስክትደርሺ ትቀዝፊያለሽ።»
ይቅርታ ይሁን ስድብ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።
ዐይኑን ጨፈነ። እኔም አልጠየቅሁም።

ረቡዕ። ሐሙስ። «አየር ወጣ ወይ?»
ራሱን ይነቀንቃል። ኮርኒሱን ያያል ወደ ላይ።
ዓርብ ማለዳ ከበሩ ሳልደርስ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤
ባለ ስምንት ቁጥር አልጋው «ወጣ! ወጣ!» ብሎ ዐዋጁን አስታወቀ።
አያ ሙህዬ አፈረ፤ ከድጃ ዞረች ወደ መስኮት፣
ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ፣ ተውኋት።
«ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» አለ፣ «የአባቶች ተረት፤
እኔ ግን በዚች ፈስ ልዘል ነው ከዚህ ቤት።»

አንድ ማንኪያ ውሃ። ቀጥሎ ሁለት።

ሲሸኝ ጠየቀኝ፦ «ያ ብረት እዚያው ይቀራል?»
«ጊዜው ሲደርስ በራሱ ወድቆ ይወጣል።»
«መንጠቆ ይሆነኝ ነበር።»

ሰኞ ሌላ ሰው በግራ ጎኑ ተኛ።
መታጠፊያው ጋ እንጉዳይ፤ የእርሱ መንትያ፣ ጓደኛ።
ሽቦውን አነሣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያኔ ነው።
የሻለም ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ባዶ ነው።
«ደጀን ላይ ነው» አለች።
ገመዱን ቀስ ብዬ መለስሁት።